የሰኞ ሸሚዝ

የመርከበኞች ሰፈር በሆነው ሄስል ሮድ ላይ ላደገ ሰው የዓሣ ጢስ ሽታ ዕድሜ ልኩን ከአፍንጫው አይወጣም። እኛ ለምደነው ነበር፤ ከወደብ ከተማችን ከሀል ወዲያኛው ጫፍ የሚመጡት ግን ይጠየፉት ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ አጠገባችን የተቀመጠች ባለ ኮፍያ ሴትዮ አፍንጫዋን በመሐረብ ስትሸፍን አክስቴ ዊኒ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዶሪን፣ እስቲ ጠጋ በይላት፤ በነፃ ታሽት፣ ገበያ ላይ እኮ ያስከፍላሉ» አለችኝ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።

ሰፈሩ ዛሬ ፈርሷል። መርከቦቹ የሉም፣ ዓሣውም የለም፣ እኔም ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል። የልጅ ልጆቼ «ድሮ ምን ይመስል ነበር?» ሲሉኝ ቀዝቃዛ ነበር ብዬ አልፋቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን የሚመጣብኝ ወደቡ አይደለም፤ ዊኒ ሱደቢ ናት።

ዊኒ የሥጋ አክስቴ አይደለችም። በእኛ መንገድ ላይ ግን በልጅነት አፍንጫሽን የጠረገችልሽ ሴት ሁሉ አክስት ናት፤ ዊኒ ደግሞ የማንን ልጅ አፍንጫ ሳትጠርግ ቀርታለች? አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ምላሷ የማይያዝ ሴት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ እጄን ይዛ የመረብ ሠሪዎቹ አዳራሽ ያስገባችኝ እሷ ናት። አዳራሹ ከወደቡ ጀርባ፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣ ፎቅ ነው። ሴቶቹ በረጅም አግዳሚ እንጨት ፊት ቆመን ሲባጎውን በእንጨት መርፌ እየቋጠርን ለመርከቦቹ መረብ እንሠራለን። ሲባጎው እጅ ይልጣል። ክረምት ሲሆን ጣቶቻችን ይሰነጠቁና ደም ይወጣቸዋል። ግን ዘፈኑ! ሳቁ! ደፋር ነኝ የሚል ወንድ በዚያ አዳራሽ መሃል ለማለፍ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር፤ ሱሪውን ሳያስወልቁት ከወጣ ዕድለኛ ነው።

ዊኒና አግነስ ድሩሪ በአንድ ቀን ሥራ ገብተው፣ በአንድ አግዳሚ እንጨት ላይ ጎን ለጎን ቆመው ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። አግነስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ናት። ዊኒ ትቀልዳለች፣ አግነስ ደግሞ ፊቷን ሳትፈታ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እግዜር ሲፈጥራት አፏን ረስቶ ክፍት ተወው» ትላለች። ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ሁለቱም ባል የላቸውም፤ የአግነስን የሳንባ በሽታ፣ የዊኒን ባሕር ወሰደባቸው። ሁለቱም አንድ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። የዊኒ ልጅ ክሊፍ፣ የአግነስ ልጅ ኖርማን፣ በአንድ መርከብ ላይ አብረው ይሠራሉ።

ስለ ደንቡ ልናገር። ወንድሽ ወደ ባሕር በሚወጣበት ቀን ልብስ አይታጠብም። ያጠበች ሴት ሰውዋን፣ አንዳንዴም አብሮት ያለውን፣ ከመርከቡ ላይ አጥባ ትጥለዋለች። እጅ አይውለበለብም፤ ማዕበል መጥራት ነው። ከደጃፍ ከወጣ በኋላ ስሙ አይጠራም፣ ወደ ወደቡም አይሸኝም። እኔ በዚህ ሁሉ አላምንም ነበር፣ አሁንም አላምንም። ግን በኋላ መርከበኛ ሳገባ እሱ በሚሄድበት ቀን አንዲት ካልሲ እንኳ አጥቤ አላውቅም። ሳያምኑም መፍራት ይቻላል።

በእኛ መንገድ ላይ የዚህ ደንብ ዘብ ዊኒ ነበረች። መርከብ በሚወጣበት ቀን በጓሮው መተላለፊያ እያለፈች የልብስ ማስጫ ገመዱን ሁሉ በዓይኗ ትቆጥራለች። አንዲት ሙሽራ ፎጣ ሰቅላ ብታገኛት ቤቷ ድረስ ገብታ ታስወርዳታለች። «ባልሽን ከጠላሽው ፍቺው እንጂ ለምን ታጥቢዋለሽ?» ትላለች።

እንግዲህ በዚህች ሴት ቤት ነው ሙሪየል ምራት ሆና የገባችው።

ሙሪየል የሊድስ ከተማ ልጅ ናት። ሊድስ ባሕር የለም፤ ለእሷ ባሕር ማለት በበጋ አይስክሬም የሚበላበት ቦታ ነበር። ክሊፍን ያገኘችውም እንዲያ ባለ ቦታ፣ ዳንስ ቤት ውስጥ ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ንጹሕ፣ ሥርዓት የምትወድ፣ ጸጉሯ ሁልጊዜ የተሠራ። በመኸር ተጋቡ፣ የገና በዓል ሲያልፍ ሆዷ መታየት ጀመረ። ዊኒ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ለአግነስ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ስለዚያ ሆድ ነው። አግነስም ከዚያች ድንጋይ ፊቷ ጀርባ ለሕፃኑ ነጭ ሹራብ ጀምራ ነበር።

ዊኒ ለሙሪየል ደንቡን ነግራት ነበር። እጅ አታውለብልቢ፣ አትጥሪው፣ አትሸኚው። ስለ ማጠቡ ግን አልነገረቻትም። ክሊፍ ከተጋቡ ወዲህ የወጣው ሐሙስ ወይም ዓርብ ነበር፤ በሐሙስ ማን ልብስ ያጥባል? እንግሊዝ አገር ልብስ የሚታጠበው ሰኞ ነው። ሊድስም ሰኞ፣ ለንደንም ሰኞ። ሙሪየልን እናቷ ያሳደገቻት ሰኞ ዕለት ገመዷ ባዶ የሆነ ሴት ሰነፍ ናት እያለች ነው።

በጥር ወር መርከባቸው ሰኞ ጠዋት እንድትወጣ ታዘዘች።

ታክሲው ገና ሳይነጋጋ መጣ። ኖርማን ቀድሞ ገብቶ የኋላ ወንበር ላይ ተንጋሏል፤ የትናንቱ መጠጥ አልበረደለትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አክስቴ ዊኒ! ልጅሽን ቶሎ አልብሺውና ላኪው፤ ዓሣው እየጠበቀን ነው!» ብሎ ጮኸ። ዊኒ ከውስጥ «ዓሣው አንተን ካየ ራሱ ይሸሻል፣ አፍህን ዝጋ!» አለችው። ክሊፍ ሻንጣውን በትከሻው አድርጎ ወጣ። ሙሪየል በሩ ላይ እጆቿን በብብቷ ሥር ደብቃ ቆመች፣ እንዳታውለበልብ። አግነስ ከማዶ በሯን ገርበብ አድርጋ አየች። ታክሲው ሄደ።

እንደ ልማዴ ዊኒን ልጠራት ገባሁ። ኮቷን ለብሳ፣ ሻርፕዋን አስራ ነበር የቆየችኝ። አግነስም ከማዶ መጣችና ሦስታችን ወደ ሥራ ወጣን።

እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ስንመለስ ዊኒ በጓሮው በኩል እንሂድ አለች፤ እንግዲህ ዘብነቷ ነው። አግነስ ዳቦ ልትገዛ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ዊኒ ገመዶቹን እያየች፣ እየቀለደች ስትሄድ የራሷ ጓሮ ፊት ደረሰችና ቆመች።

የክሊፍ ነጭ የዳንስ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ነፋሱ ሞልቶት እጅጌዎቹ ይወዛወዛሉ። ከሥሩ ሙሪየል ጉንጯ ቀልቶ፣ እጅጌዋን ሰብስባ የልብስ መቆንጠጫ በአፏ ይዛለች። ስታየን ደስ አላት።

«እማ! ሁሉንም ብቻዬን ጨረስኩ እኮ። አንሶላውን አሁን ላወጣው ነው። ዛሬ አንቺ ምንም አትነኪም።»

ዊኒ ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። ገብታ ሸሚዙን ከገመዱ ላይ መነጨቀችው፣ መቆንጠጫዎቹ ጠጠሩ ላይ ተበተኑ። ሙሪየል አፏን ከፍታ ቀረች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ዝም በይ» አለች ዊኒ ቀስ ብላ። «ግቢ ወደ ውስጥ። ድምፅ እንዳታሰሚ።»

ግን ዘገየች። የጓሮው በር ላይ አግነስ ዳቦዋን አቅፋ ቆማለች። ዓይኗ ከዊኒ እጅ ላይ አልተነሣም፤ ከሸሚዙ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ዊኒ፣ ያ ምንድነው?»

«ምንም። ጭቃ ላይ ወድቆ ነው።»

«ሳሙና ይሸተኛል።»

«አግነስ፣ ግቢና ሻይ ጠጪ።»

አግነስ ሙሪየልን አየቻት፤ ከላይ እስከ ታች፣ እርጥብ ክንዷን፣ ሆዷን። ከዚያ ዞራ ሄደች። ሻይ ሳልጠጣ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ሲመሽ መንገዱ ሁሉ ሰምቶ ነበር። አግነስ ተናገረች ብዬ አልምልም፤ በእኛ ሰፈር ግድግዳም ጆሮ አለው፣ ጓሮ ደግሞ አፍ አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሙሪየል ናት መጨረሻ ላይ የገባት። በማግስቱ ዓሣና ድንች ልትገዛ ስትሄድ መደብሩ ውስጥ የነበረው ወሬ ጸጥ አለ። ተራዋ ሲደርስ ከኋላዋ ያለችውን አስተናገዷት። አንዲት አሮጊት ወደ እሷ ሳትዞር «አንዳንዱ ሰው ገና ለገና ጥቁር ይወዳል» አለች። ሙሪየል ባዶ እጇን ተመለሰች።

ስለ ማጠቡ ደንብ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ዊኒ አፏን መክፈት አልቻለችም ነበር። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«እማ» አለች ወደ ዊኒ ዞራ። «ክሊፍ ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«እንዲህ አይባልም!»

«ንገሪኝ እንጂ!»

ዊኒ ምድጃው ፊት ተቀመጠች። «የክሊፍ አባት የሄደ ቀን» አለች፣ «አንድ ማንኪያ እንኳ አላጠብኩም። እጄን አላነሣሁም። ስሙን በልቤ እንኳ አልጠራሁም። ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረግኩ። ሄደ፣ ቀረ።»

«ታዲያ ለምን ትጠነቀቂያለሽ?»

«ሌላ ምን ላድርግ? ሄጄ ባሕሩን ልምታው?»

ሙሪየል እያለቀሰች ወደ እናቴ ልሂድ አለች። ዊኒ አልፈቀደችም። አሁን ከሄድሽ አደረግሁት ማለትሽ ነው፤ ከሄድሽም እነዚህ ሴቶች ዳግም ደጃፋቸውን አያስረግጡሽም፣ ልጄ ደግሞ ከዚህ መንገድ ሌላ የሚኖርበት አያውቅም፣ ስለዚህ አንቺንም ልጅሽንም አጣለሁ አለቻት። ዊኒ የሙጥኝ ያለችው ይህንን ነበር፦ ልጇ ከባሕር እንዲመለስ፣ ሲመለስም ሚስቱን ቤቱ እንዲያገኛት።

አዳራሹ ውስጥ ዊኒና አግነስ አሁንም ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኔ ከዊኒ ወዲህ ነኝ። ዘፈኑ ቆሟል ማለት ይቻላል። ዊኒ ትቀልዳለች፣ አግነስ አትመልስም። የነጩ ሹራብ ነገር አልተነሣም። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ክፉ ነው፤ አይስላንድ አካባቢ ነፋሱ መርከቦቹን እያስጨነቀ ነው ይላል ሬዲዮው። አንድ ቀን አግነስ መርፌዋን ሳታቆም፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ዊኒ፣ ልንገርሽ። ኖርማን አንድ ነገር ቢሆን የማንን በር እንደማንኳኳ አውቃለሁ።»

«አንቺ የእኔን በር አንኳኩተሽ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ እየገባሽ አይደል?»

«ያን ጊዜ አንኳኩቼ ነው የምገባው» አለች አግነስ።

ዊኒ ሳቀች፣ ግን ቋጠሮው ተሳስቶባት ስትፈታ አየሁ። በሕይወቴ ዊኒ ቋጠሮ ስትፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሚሲዮን ሰው የመጣው አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ለመርከበኞች ቤተሰብ መርዶ የሚያደርስ እሱ ነው፤ ሚስተር ፔልሃም ይባላል፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን በሄስል ሮድ እንደሱ የሚፈራ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ ሲያልፍ ሴቶች መጋረጃ ይዘጋሉ፤ ካላየኝ አይገባም በሚል ሞኝነት። ቤት ሄዶ ሰው አጥቶ ነው ወደ አዳራሹ የመጣው። የእንጨት ደረጃውን ሲወጣ የሴት እርምጃ እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። በሩ ተከፈተ። ኮፍያው በእጁ ነበር።

ኮፍያው በራሱ ላይ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችል ነበር።

በአግዳሚዎቹ መሃል መሄድ ጀመረ። ማንም አልጠየቀውም። ባሕር ላይ ሰው ያላት ሴት ሁሉ መርፌዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። አንዷን ሲያልፋት ትንፋሽ ትስባለች፣ ቀጣይዋ ደግሞ ትንፋሿን ትይዛለች። አንዲት ሴት «በእናትህ እለፈኝ» ስትል ሰማሁ። አለፋት። ወደ እኛ ረድፍ ዞረ። ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። እኔን አለፈኝ። በዊኒና በአግነስ ፊት ሲደርስ ቆመና ቀና አለ። በዚያች ቅጽበት ማንኛቸውን እንደሚያይ አልታወቀም ነበር። ዊኒ አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ወይዘሮ ድሩሪ» አለ። «እርስዎን ነው የፈለግሁት።»

ዊኒ ተነፈሰች።

ምንም ማለቷ አይደለም። ቃል አልወጣትም፣ ፊቷም አልፈካም። ደረቷ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ አምልጧት ወጣ፣ በቃ። እናት የሆነች ሁሉ ትተነፍሰው ነበር። ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበርና ያችን ትንፋሽ አግነስ ሰማቻት። ወደ ሚስተር ፔልሃም ከመዞሯ በፊት ወደ ዊኒ ዞራ አየቻት።

ከመርከቢቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ማዕበል የወሰደው። ሌሎቹ ደኅና ናቸው። አግነስ ይህንን ቆማ ሰማች፣ «አመሰግናለሁ» አለች፣ መርፌዋን መሬት ላይ ጣለችና ወጣች። ዊኒ ከኋላዋ ሮጣ ክንዷን ስትይዛት አግነስ እጇን እንደ ትኩስ ነገር አራገፈችው።

ከሥራ ስንመለስ አግነስ በዊኒ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ ከኋላዋ የመንገዱ ሴቶች። እውነትም አንኳኩታ ነበር፤ ሙሪየል ፈርታ አልከፈተችም። ዊኒ በመሃላቸው አልፋ በሯን ጀርባዋ አድርጋ ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

«አግነስ፣ የእኔ እኅት» አለች ዊኒ። «ነይ እንግባ። አብሬሽ ልቀመጥ።»

«ልጅቷን አውጪልኝ።»

«ምን ልታደርጊያት?»

«ምንም። ዓይኗን እያየሁ ልጠይቃት። ሰኞ ዕለት የማንን ሸሚዝ አጠብሽ ብዬ። በአፏ ትንገረኝና ወደመጣችበት ትሂድ። እኔ እሷን እያየሁ በዚህ መንገድ ላይ አልኖርም።»

ከሴቶቹ አንዷ «ትውጣ!» አለች። ሌላዋም ደገመች። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ሙሪየል ፊቷ በእንባ አብጦ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ ብቅ አለች። ልትናገር መሆኑን አየሁ፤ ልጅቷ ውሸት አታውቅም።

«ወይዘሮ ድሩሪ፣ እኔ…»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለች ዊኒ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አንቺ?» አለች አግነስ። «በእንዲህ ያለ ቀን ድስት እንኳ የማታለቀልቂው?»

«ቢራ ደፍቶበት ነበር። ነጭ ነው፣ እድፍ ይይዛል ብዬ ሳስብ ቀኑን ረሳሁት።»

«ረሳሽው።»

«ረሳሁት።»

«መቼ አጠብሽው?»

«ታክሲው እንደሄደ። ለሥራ ሳንወጣ።»

አግነስ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ዶሪን፣ ያን ጠዋት ልትጠሪያት የገባሽው አንቺ ነሽ። እውነት ነው?»

አግነስ ድሩሪ ስወለድ እትብቴን የቋጠረች ሴት ናት። የልጇን ሞት ከሰማች ገና ግማሽ ቀን አልሆነም። ዊኒ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ሙሪየል ግን ከበሩ ውስጥ ታየኛለች።

«እጇ በሳሙና ነጭ ሆኖ ነው ያገኘኋት» አልኩ። «ጠርጋ ነው ኮቷን የለበሰችው።»

ዋሸሁ፤ እስከ ዛሬም አልጸጸተኝም። አግነስ ወደ ዊኒ ተመለሰች።

«የራስሽን ልጅ ሸሚዝ አጥበሽ የእኔን ልጅ ወሰደው» አለች። «ያንቺው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስትተነፍሺ ሰምቼሻለሁ ዊኒ።»

«አውቃለሁ» አለች ዊኒ። ይህች እውነት ነበረች።

አግነስ መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች። ሴቶቹም ተበተኑ። ሙሪየል ዊኒ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ዊኒ አነሣቻትና «ተይ፣ ይህ ልጅ ይጨፈለቅብኛል» አለቻት። «አንቺ አጠገቡ ትተኛለሽ፣ አብረሽው ታረጃለሽ። እኔን ቢጠሉኝ ምን ይቀርብኛል? ደግሞስ አልነገርኩሽም እኮ። ዘቡ እኔ ሆኜ ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በማግስቱ አግነስ ወደ አዳራሹ መጣች፤ ቤት ተቀምጦ ማልቀስ አልሆነላትም። ግን ሲባጎዋን ሰብስባ ነፋስ ወደሚገባበት በር አጠገብ ሄዳ ቆመች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከዊኒ ሸሹ። በእሷ እጅ የተሠራ መረብ መርከባችን ላይ አይጫንብን ያሉም ነበሩ። የሻይ ኩባያዋን ከሌላው ለይተው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ያ ሁሉ የሰፈር ልጅ አፍንጫ የጠረገች ሴት በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስቡ ጀመር። እኔ አጠገቧ ቀረሁ። አንዷ «ክፉ ዕድሏ አይተላለፍብሽም?» ስትለኝ «ቂልነትሽ ካልተላለፈብኝ ሌላው ምን ያደርገኛል» አልኳትና ከዚያ ወዲያ እኔንም ተዉኝ።

ዊኒ ሳታስበው ወደ አግነስ ባዶ ቦታ ዞራ ቀልድ ትጀምርና መሃል ላይ ታቆማለች። ያን ማየት ነው ያቃተኝ። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ግንባሯን ደፍታ «እኔ እኮ ነበርኩ ላቅፋት የሚገባኝ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

መርከቢቱ በየካቲት መጀመሪያ ገባች። መርከበኞች ሲመለሱ ደመወዛቸውን በሦስት ቀን ዕረፍት ስለሚጨርሱ የሦስት ቀን ሀብታሞች እንላቸው ነበር፤ አዲስ ሱፍ፣ ታክሲ፣ መጠጥ። ክሊፍ በእግሩ ነው የመጣው። እኔ ዊኒ ቤት ነበርኩ። ከስቷል፣ ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እናቱን አቀፋት፣ ሚስቱን አቀፋት። ገና ሳይቀመጥ ሙሪየል ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሸሚዙን፣ ሴቶቹን፣ እናቱ የተናገረችውን። ዊኒ «ዝም በይ» ብትላትም አልሰማችም።

ክሊፍ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም።

«ሸሚዝ?» አለ። «የምን ሸሚዝ? ማዕበሉ ቤት ያህላል። ሁላችንም መረቡ ይነሣና እንሽሽ ብለናል፤ ካፒቴኑ ነው አንድ ጊዜ ደግሞ መረብ እንጣል ያለው፣ ዓሣው ብዙ ነው ብሎ። ኖርማን አጠገቤ ነበር። ሲወስደው እጅጌውን ያዝኩት። ይዤው ነበር እማ። ይዤው…» የተጠቀለለውን እጁን አየ። «ሸሚዝ ትሉኛላችሁ!»

ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል። «አሁን ሄጄ እነግራታለሁ። አንቺን እንዲህ እያደረጉ አይኖሩም።»

ዊኒ ቀድማው በሩ ላይ ደረሰች። እጆቿን ዘርግታ መቃኖቹን ያዘች። አጭር ሴት ናት፤ ክሊፍ በአንድ እጁ አንሥቶ ሊያልፋት ይችል ነበር።

«አትሄድም።»

«እማ፣ ልቀቂኝ። እውነቱን ልንገራት።»

«ነገርካት እንበል። ከዚያስ?» አለች ዊኒ። እስከዚያ ቀን ስትቆጣ እንጂ ስትፈራ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ካፒቴኑን የት ታገኘዋለች? ነገ ከነገ ወዲያ ይወጣል። ባሕሩን የቱን አንገቱን ታንቀዋለች? ወይስ እጅጌውን ይዘህ እንደለቀቅከው ልትነግራት ነው? እሱን ሰምታ ስትወጣና ስትገባ ከመስኮቷ ልታይህ ነው? እኔ እዚሁ ነኝ። ጠዋት ታየኛለች፣ ማታ ታየኛለች። የምትጠላው ሰው ካጣች ትሞትብኛለች፤ አውቃታለሁ። ሸሚዙን ተውላት።»

ክሊፍ ከበሩ ተመለሰ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሙሪየል አጠገቡ ተቀመጠች።

«እስከ መቼ ነው እማ?» አለ በመጨረሻ።

«እሷ እስከፈለገች» አለች ዊኒ፤ ከዚያም ሻይ ልታፈላ ሄደች።

አግነስ ረጅም ዕድሜ ኖረች።